በቃሊቲ የጋዝ ምድጃችንን የመረመረልን የጥገና አገልግሎት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቃሊቲ በሚገኘው ዳቦ ቤታችን ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት የጋዝ ምድጃው ሲለኮስ ፈንድቶ የሌሊት ጋጋሪያችን ፊቱንና ሁለት እጆቹን ተቃጠለ። በየካቲት 12 ሆስፒታል ታክሞ ወደ ሥራው ቢመለስም የቀኝ እጁ ጣቶች ዛሬም እንደ ልብ አይታጠፉም። ይህ አስተያየት ከአደጋው በኋላ ምድጃውን እንዲመረምርልን የጠራነውን አነስተኛ የጥገና ድርጅት ይመለከታል።

የመጡት ሁለት ባለሙያዎች ምንም ሳይለኩሱ በመጀመሪያ የጎማውንና የቧንቧውን መገጣጠሚያዎች በሙሉ የሳሙና አረፋ እየቀቡ ፈተሹ፤ የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ሬጉሌተር ሥር ጋዝ እያፈሰ አረፋው ሲነፋም አሳዩን። ከዚያ አንደኛው ከምድጃው ኋላ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ይህችን ሽቦ ማን አሰራት?» አለኝ። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ መዝጋት የሚገባው ቫልቭ፣ ቁልፉ እንደተጫነ እንዲቀር በቀጭን ሽቦ ታስሮ ነበር። ምድጃው እየጠፋ ሥራ ሲያስተጓጉልብን የቀድሞው ጠጋኝ ሽቦዋን ሲያስር ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለሙያው እንዳስረዳን በዚያ ሌሊት እሳቱ ቢጠፋም ጋዙ መፍሰሱን አላቆመም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለሉ ላይና በምድጃው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ከደረሰም አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። ስለዚህ እሳት ሲጠፋ ጋዙን ዘግቶ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይጠብቁ ዳግም መለኮስ እንደማይገባ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያስደረገ አስተማራቸው። ይህን ማስተማር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ እኔ ቀድሜ ልፈጽመው ይገባ ነበር።

ቫልቩን በአዲስ ቀይረዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለችና አየሯ ስስ ስለሆነ ማቃጠያውንም አስተካክለውልናል፤ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ይተፋ የነበረው ነበልባል አሁን ሰማያዊ ነው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ከቀጠሮው በ4 ቀን ዘግይተው በመምጣታቸው ዳቦ ቤቱ ያለ ሥራ ሰነበተ። የሰጡን የአጠቃቀም መመሪያም በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ በመሆኑ ሌሊት ከእሳት ፊት የሚቆሙት ጋጋሪዎች አያነቡትም። እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ከምድጃው በር አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ግን ከእነርሱ እጅ እጠብቀዋለሁ።