የአጎቴን ሸክላ ያዳነ የሐዋሳ ጠጋኝ

አጎቴ በወጣትነታቸው አስመራ፣ ቃኘው ከአሜሪካኖቹ ሰፈር ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። ከዚያ የመጣች አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ቤታችን አለች። ዘ ሊቭስ የሚባሉ የሎስ አንጀለስ ልጆች የተጫወቱት «ሄይ ጆ» ነው። ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው በጂሚ ሄንድሪክስ ነው። እነዚህ ግን ቀድመውታል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኳት። ልጁ «በኮምፒውተር አጸዳሁልህ» አለኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንጀቴ ቅጥል አለ። ያ የሚያጉረመርም ጊታር ጥርሱ ወልቋል! የሸክላው ብልሽት መስሎት ነው።

ያ ድምፅ እኮ የዘፈኑ ነፍስ ነው። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ ሲያሳትሙት አልሰመረላቸውም። በ1966 ቦቢ አርሊን የሚባል ጊታሪስት ይዘው፣ በፈዝ ደግመው ቀረጹት። ፈዝ ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር መሣሪያ ነው። ያኔ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 31ኛ ደረሰ። ሌላ እንዲህ የወጣ ዘፈን አልነበራቸውም፤ በ1967 ተበተኑ።

ዘንድሮ ሰው ጠቁሞኝ እንደገና ላስገለብጣት ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከገብርኤል ብዙ ሳይርቅ ወዳለች ጠባብ የቴፕና ሬዲዮ መጠገኛ ሄድኩ። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ሸክላዋን በጠርዟ ብቻ ይዘው ወደ ብርሃን አዘነበሏት። የአሜሪካ ትንሽ ሸክላ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ከመሳቢያ ክብ ፕላስቲክ አውጥተው ገጠሙላት። በለስላሳ ጨርቅ ጠረጓት። ፍጥነቱን በደቂቃ 45 ዙር ላይ አደረጉ። ጊታሩ ሲጀምር ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም። ጊታሩ ነው እንዲህ የሚለው።»

ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ቆራርጦ መቀጠል አይወዱም። ጭረቱ አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ግን ጊታሩ ሙሉ ነው። ያስከፈሉኝ ለአንድ ፊት 300 ብር። ርካሽ ነው አልልም፣ ግን ይገባቸዋል። ቅር ያለኝ ሰዓታቸው ነው። ጠዋት ሁለት ቀን ዝግ ሆኖብኝ ተመልሻለሁ።

ማታ ስልኬን ከአጎቴ ጆሮ አስጠጋሁት። ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ድገመው» አሉኝ። የሸክላዋን ሌላኛ ፊት ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። እናንተም ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ይሁን።