«ፈርስት ፎር» ሲገመገም፦ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ስለ ምን እንደገና ይጣራል?

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትልቁ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በተለምዶ «ማርች ማድነስ» የሚባለው፣ የሚከፈተው በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ በሚካሄዱ አራት የማጣሪያ ጨዋታዎች ነው። «ፈርስት ፎር» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስምንት ቡድኖች ማክሰኞና ረቡዕ ተጋጥመው አራቱ ይሰናበታሉ፤ አራቱ አሸናፊዎች ደግሞ ሐሙስና ዓርብ ወደሚጀምረው የ64 ቡድኖች ዙር ያልፋሉ። እነዚህን ጨዋታዎች ለዓመታት በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ። በሚሰጡት ደስታ ብቻ ብመዝናቸው ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ይገባቸዋል፤ በፍትሐዊነታቸው ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ውድድሩን ወደ 72 ወይም ወደ 76 ቡድኖች የማስፋት ሐሳብ ሲመክርበት ስለቆየ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከየት እንደመጣ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

በመልካሙ ልጀምር። የዴይተን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የዚህን ውድድር ጨዋታዎች በማስተናገድ ከሌሎች አዳራሾች ሁሉ ይበልጣል፤ ሕዝቡም የራሱ ቡድን ባይጫወትም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አላባማ ስቴት ከፔንሲልቬኒያው ሴንት ፍራንሲስ ጋር ሲጫወት የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች የደረሱት 68 ለ68 በሆነ ውጤት ነበር። አላባማ ስቴቶች ኳሱን ከሜዳው ጫፍ ወደ ማዶ በረጅሙ ወረወሩት፤ ለመቀማት የዘለሉ እጆች እየነካኩ አሳለፉት፤ በመጨረሻ አማር ኖክስ እጅ ላይ ወደቀና አንድ ሴኮንድ ገደማ ሲቀር ቅርጫቱ ውስጥ ገባ። ለአላባማ ስቴት በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ድል ነበር። እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮኽሁ።

ሆኖም የተሸነፈው ቡድን ማን እንደነበር ማሰብ ይገባል። ሴንት ፍራንሲስ የኮንፈረንሱን፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች የታቀፉበትን ማኅበር፣ ዋንጫ አንሥቶ፣ ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ውድድር የመጣ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከጨዋታው በኋላ በቀናት ውስጥም ዩኒቨርሲቲው ስፖርቱን በዚህ ውድድር ወደማይሳተፈው ዝቅተኛ እርከን፣ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ እንደሚያወርድ አስታወቀ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቆ በሻምፒዮንነት የመጣ ቡድን 64ቱ ውስጥ ሳይገባ ተመለሰ ማለት ነው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው አዳራሽ፣ በገዛ ኮንፈረንሱ 6 ጊዜ አሸንፎ 12 ጊዜ የተሸነፈው ቴክሳስ ከዜቪየር ጋር ተጫውቷል። ቴክሳስ ያለበት የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ በዚያ ዓመት ከ16 አባላቱ 14ቱን ወደ ውድድሩ አስገብቷል። አሥራ ሁለት ጊዜ የተሸነፈውም ዋንጫ ያነሣውም በአንድ በር ላይ ቆመው እንዲጣሩ መደረጉ ነው እኔን የሚያስቆጣኝ።

ችግሩ የተፈጠረበት መንገድ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ውድድሩ በ1939 በ8 ቡድኖች ተጀምሮ በየጊዜው እየሰፋ በ1985 64 ደረሰ። በኋላ አዲስ ኮንፈረንስ ሲመሠረትና ለሻምፒዮኑ ቦታ ሲያስፈልግ፣ ሻምፒዮን ሳይሆኑ በኮሚቴ ምርጫ ለሚገቡት ከተያዙት 34 ቦታዎች አንዱን ከመቀነስ ይልቅ 65ኛ ቡድን ተጨመረ። ከ2001 ጀምሮም ለዚያ አንድ ትርፍ ቦታ ዋጋውን የከፈሉት በመጨረሻው ደረጃ የተመደቡ ሁለት ሻምፒዮኖች ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ 68 ሲሆን ነገሩ በግማሽ ተስተካከለ፤ ሁለቱ ጨዋታዎች በኮሚቴ ምርጫ መጨረሻ ላይ ለገቡ አራት ቡድኖች ተሰጡ፣ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ የሻምፒዮኖች እንደሆኑ ቀርተዋል።

በምርጫ ለገቡት የተሰጠው ግማሽ በሚገባ እንደሠራ እመሰክራለሁ። ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ በ2011፣ ዩሲኤልኤ ደግሞ በ2021 ከዚህ ማጣሪያ ተነሥተው እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ዘልቀዋል። የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ መመረጥ ብዙ ተቃውሞ ቀርቦበት ስለነበር፣ ካንሳስን 71 ለ61 አሸንፎ ማለፉ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ መልስ ሆኗል። ብቃቱ አጠራጣሪ የሆነ ቡድን ጥርጣሬውን በሜዳ ላይ እንዲያስወግድ መጠየቅ አግባብ ነው። ዋንጫ ያነሣ ቡድን ግን የሚጣራበት ጥርጣሬ የለበትም።

የአሁኑን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ፤ ሁለቱንም አቅልዬ አላያቸውም። አንደኛው ድል የማግኘት ዕድል ነው። ከ1985 እስከ 2025 በወንዶች ውድድር 16ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው፣ ደረጃ የተሰጣቸው ቡድኖች ከ1ኛዎቹ ጋር 160 ጊዜ ተጋጥመው ያሸነፉት 2 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ዴይተን ላይ ከአቻ ጋር መጫወት ለብዙዎቹ ብቸኛው የማሸነፊያ ቀን ነው። ከሁለቱ አሸናፊዎች አንዱ፣ በ2023 ፐርዱን 63 ለ58 ያሸነፈው ፌርሊ ዲኪንሰን፣ የመጣው በዴይተን በኩል ነበር። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። አንድ ቡድን ለሚጫወተው ጨዋታ ኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት የሚከፈል፣ በድምሩ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድርሻ ያገኛል፤ ዴይተን ላይ ያሸነፈም ድርሻው እጥፍ ይሆናል። ለትንንሽ ኮንፈረንሶች ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የክፍፍል ደንብ በመለወጥ፣ ለምሳሌ ለሻምፒዮንነት ራሱን የቻለ ድርሻ በመመደብ፣ ሊሟላ የሚችል ሲሆን፣ ከታላላቆቹ ጋር በ64ቱ ዙር መሰለፍ ግን በሌላ ነገር አይተካም። የፌርሊ ዲኪንሰን ተጫዋቾች በቁመት ከአገሪቱ አጭሮቹ ሆነው ከሁለት ሜትር ከሃያ በላይ የሚረዝም ሰው ካለው ፐርዱ ፊት የቆሙት ዓርብ ዕለት ነው፤ ረቡዕ ቢሸነፉ ኖሮ ያ ምሽት አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ስለ መስፋፋቱ። ወደ 76 ከፍ ሲባል 12 የማጣሪያ ጨዋታዎችና 24 ተጣሪዎች ያስፈልጋሉ። በ2025 በሻምፒዮንነት የገቡት 31 ነበሩ። ይህ ቁጥር ቢጸና በምርጫ የሚገቡት 45 ይሆናሉ፤ ከእነርሱ 24ቱ ቢጣሩ፣ 21ዱ ከ31ዱ ሻምፒዮኖች ጋር በቀጥታ ያልፋሉ። ሃያ አንድና ሠላሳ አንድ 52፣ ከ12ቱ አሸናፊዎች ጋር 64። ስሌቱ አንድም ሻምፒዮን ሳይነካ ይሞላል። ተጨማሪው ቦታ በአብዛኛው የታላላቆቹ ኮንፈረንሶች መካከለኛ ቡድኖች እንደሚወስዱት ስለምጠብቅ፣ ተጨማሪውን ጨዋታም እነርሱ ሊጫወቱት ይገባል። በ2025 ኦገስት ኤንሲኤኤ የ2026ቱ ውድድር እንደማይሰፋ ሲያስታውቅ ደስ ያለኝ መስፋፋትን ስለምጠላ ሳይሆን፣ ተጣሪዎቹ እነማን እንደሚሆኑ በግልጽ ተጽፎ ስላላየሁ ነበር። ደንቡ ከላይ ባለው ስሌት ከተጻፈ ለፍትሐዊነቱ የሰጠሁትን ሁለት ኮከብ ወደ አራት ከፍ አደርጋለሁ፤ ተጨማሪዎቹ ጨዋታዎች በሻምፒዮኖች ላይ ከተጫኑ ግን ወደ አንድ ዝቅ አደርገዋለሁ።