የአያቴን ፎቶ ግራፍ ላገኙልኝ የወመዘክር ሠራተኛ

እናቴ የአባቷን መልክ አታውቅም ነበር። አያቴ ሲሞቱ ገና ጡት አልጣለችም፤ በቤት የነበረችው አንዲት ፎቶ ግራፍም ከዘመድ ወደ ዘመድ ስትዞር ጠፋች። አክስቷ በሕይወት ሳሉ ግን "አዲስ ዘመን ላይ ወጥቶ ነበር፣ ከነፎቶው" ይሉ ነበር። ቀኑንም ወሩንም የሚያስታውስ አልተገኘም። አያቴ ያገለግሉበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ሄጄ "ፋይሉ የለም" ተብዬ ተመለስኩ። ቀጥሎ ነው ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወደ ወመዘክር የሄድኩት።

ይህን የምጽፈው በጋዜጣ ክፍል ያገኘኋቸውን ሴት ለማመስገንና እንደኔ የሚፈልጉት ነገር ያላቸው ሰዎች ወደዚያ እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይነሳ ስለለመኑኝ ትቼዋለሁ።

እኔ የመጣሁት "የ1950ዎቹን አዲስ ዘመን ስጡኝ" ብዬ ነው። ጋዜጣው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ነው፤ የአንድ ዓመቱ ጥራዝ ብቻ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ነው። እርሳቸው ግን መደርደሪያው ጋ ከመሄዳቸው በፊት ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ልጄ፣ አያትሽ የሞቱት ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ?" አሉኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ። ወዲያው መለሰች፦ "ግርግሩ ባለፈ በሁለተኛው ወር ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትለው።" ግርግሩ፣ ማለትም የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ፣ በታኅሣሥ 1953 ስለነበረ የካቲት 1953 ማለት ነው። ዐሥር ዓመት የነበረው ፍለጋ በአንድ ጥያቄ ወደ አንድ ወር ወረደ።

ጥራዙ መጣ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ሲነካ ይፈረፈራል። ሴትየዋ ገጹን በጣት ጫፍ አይገልጡም፤ ከላይኛው ጥግ አንሥተው መዳፋቸውን ከሥሩ አስገብተው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚገለብጥ ሰው በዝግታ ያዞሩታል። እኔም እንዲሁ እንዳደርግ አሳዩኝ። የካቲትን ጨረስን፣ መጋቢትን ጨረስን፣ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ላመሰግናቸውና ልሄድ ስነሳ "ቆይ፣ የሙት ዓመቱን አላየንም" አሉ። ሐዘን የከበደው ቤተሰብ በቀብሩ ሰሞን ለጋዜጣ የሚሆን ልብ አይኖረውም፤ ዓመቱ ሲሞላ ነው መታሰቢያ የሚያወጣው አሉኝ። የ1954ቱን ጥራዝ አመጡ። የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ግርጌ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ ግራፍ። ከሥሯ የአያቴ ስም።

አለቀስኩ፤ ሴትየዋም ዝም ብለው እጄን ያዙኝ።

ብዙ ሰው ወመዘክርን የሚያውቀው በመጽሐፍ ምረቃ አዳራሹ ነው። ስሙ ራሱ "ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር" ከሚለው የቀረ ነው፤ "ወ" በግእዝ "እና" ማለት ስለሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የምንጠራው። ቤተ መጻሕፍቱ ከተመሠረተ ከ1936 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አሳልፏል። የአገሪቱ አሳታሚዎች የሚያትሙትን ለዚህ ቤት የማስረከብ ግዴታ አለባቸው፤ ዛሬ ይህ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ተደንግጓል። ያ ግዴታ ለእኔ ደረቅ የሕግ አንቀጽ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ቦታ የተጣለ፣ ስኳር የተጠቀለለበት፣ ግድግዳ የተለጠፈበት ጋዜጣ እዚህ ከነሙሉ ገጹ የሚገኝበት ምክንያት መሆኑን አይቻለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በዚሁ ቤት ካሉትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ካሰፈራቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው። ያንን የሚጠብቅ ቤት የአንድ ተራ ጸሐፊን የሙት ዓመት መታሰቢያም ጠብቆልናል፤ እኔን ይበልጥ የነካኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ መታወቂያ ያዙ፤ ከእስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። ከሁሉ በላይ ግን ከመሄዳችሁ በፊት በቤት ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። ቀኑን ባያውቁት እንኳ በየትኛው ድርቅ፣ በየትኛው ግርግር፣ በማን ሠርግ ሰሞን እንደነበረ ያስታውሳሉ። ሠራተኞቹ ከዚያ ተነስተው ዓመቱን ያወጣሉ። የመዝገብና የመሬት ጉዳይ ያላችሁም፣ ነጋሪት ጋዜጣ የምትፈልጉም፣ ለመጽሐፋችሁ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር የምታወጡም የምትሄዱት እዚያው ነው።

የገጹን ቅጂ ለእናቴ ስሰጣት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ "ግንባሩ የወንድምሽ ነው" አለች። ትናንት ማታ ደግሞ ጠራችኝ፤ የአጎቷም የሹመት ዜና በጋዜጣ ወጥቶ እንደነበር ትዝ ብሏታል። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። ለእኒያ ሴት ራሷ ጋግራ ዳቦ ልትወስድላቸው ዱቄቱን ከአሁኑ ነፍታ አስቀምጣለች።