በታተመ ጽሑፍ ወይስ በማስተማር ማኅደር? የሕክምና መምህር የማዕረግ ዕድገት በጅማ

ጅማ ላይ ሕክምና መማር ክፍል ውስጥ አያበቃም። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይዞት ዘለቀ። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ጤና ጣቢያና ቀበሌ ይወርዳል። ይህ ድካም በምን ይለካ?

አንደኛው መንገድ የታተመ ምርምር ነው። ለመቁጠር ይቀላል፣ ሌላ አገርም ይታወቃል። ነገር ግን አንዲት ሐኪም አልጋ ዳር ቆማ ተማሪዋ የልብ ድምፅ እስኪለይ ድረስ በትዕግሥት ስታስተምር የዋለችበት ሰዓት ማመልከቻዋ ላይ የትም አይታይም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው የማስተማር ማኅደር ነው፦ የባልደረባ ምልከታ፣ ያዘጋጀችው ፈተናና ሞጁል፣ ያማከረቻቸው ጀማሪ መምህራን፣ የተማሪዎች አስተያየት። (አስተያየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጥብቅ መምህር ይጎዳበታል።) ጊዜ ይፈጃል፤ ገምጋሚው ካልሠለጠነም በትውውቅ ይሞላል።

እኔ ማኅደሩን እመርጣለሁ፤ ምርምር ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሲታለፍ ሁለቱ እኩል ይመዘኑ። ከዚህ ጋር የማስተማር ዘዴ ሥልጠናና ለዝግጅት የተለየ ሰዓት ይሰጥ፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ሐኪም ጠዋት ማኅደር የምትሞላበት አቅም የላትም።