የጥንዶች አፕ፦ ጥያቄው ጥሩ፣ ነጥቡ ከንቱ

እኔና ባለቤቴ ስንጋባ ፍቅር አልያዘንም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል። ተከባብረናል፣ ወሬያችን ይገጥማል፣ ሁለታችንም ትዳር ፈልገናል፤ በቃ፣ ተጋባን። ስለዚህ አንድ የጥንዶች አፕ «የፍቅራችሁን መጠን እንነግራችኋለን» ሲል ለመሞከር ከማንም በላይ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየቀኑ ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሳችኋል። ሁለታችሁም መልሳችሁን እስክትልኩ ድረስ አንዳችሁ የሌላውን ማየት አትችሉም። የአፑ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ክልከላ ነው። ባለቤቴ ፊት ለፊት ሲጠየቅ መጀመሪያ ፊቴን አይቶ ነው የሚመልሰው፤ እዚህ ግን የሚያየው ፊት የለም። «ሳትነግርህ የምታውቅባት ነገር ምንድን ነው?» ለሚለው «ሲደክማት የእጅ ሰዓቷን ፈትታ መስኮቱ ጋ ታስቀምጣለች፤ ያን ቀን ወሬ አላበዛባትም» ብሎ ጻፈ። እኔ ራሴ ሰዓቴን የት እንደማኖር ልብ ብዬ አላውቅም። ፍቅር ይባል ልማድ፣ እዚህ ቤት የምኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥያቄዎቹ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው እየጠለቁ የሚሄዱ 36 ጥያቄዎችን ለ45 ደቂቃ ያህል አጠያይቀዋቸዋል። የለኩት ግን መቀራረብን ነው። አፑ ማስታወቂያው ላይ ይህንኑ ጥናት «የፍቅር ቀመር» ብሎ ይቸበችበዋል።

ነጥቡ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይበላሻል። «ስሙን ስታዪ ልብሽ ይመታል?»፣ «ቀኑን ሙሉ ታስቢዋለሽ?» እያለ ይደምርና ለእኛ «የቀዘቀዘ» የሚል ውጤት ሰጠን። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔ ተናደድኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ፍቅርን በሦስት ይከፍለዋል፦ መቀራረብ፣ የስሜት ግለትና ቁርጠኝነት። አፑ ከሦስቱ ግለቱን ብቻ መዝኖ የቀሩትን ሁለቱን ረስቷቸዋል። ልቡ እየመታ ተጋብቶ ዓመት ሳይሞላው የተፋታ ሰው በዚህ ሚዛን ከእኛ በላይ ነው ማለት ነው።

ለመጀመር ፍቅር ግድ አይደለም ባይ ነኝ። መከባበርና አብሮ የመሆን ፍላጎት ካለ ይጀመራል። ለመቆየት ግን፣ ግለቱ ባይኖር እንኳ አንዱ ለሌላው ግድ ሊሰጠው ይገባል፤ ያ ከሌለ የቤት ኪራይ እየተጋሩ እንደ መኖር ነው። አፑ ስለዚህ ነገር የሚጠይቀው በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም ነጥብ የለውም።

የተኮራረፋችሁ ዕለት አትክፈቱት። «ምኑን መለወጥ ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ቀን አይመርጥም፣ እኔም መልሴን አላሳጠርኩም። አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ባይገባ ይሻላል፤ በቅንነት የተጻፈ መልስ ነገ መወንጀያ ይሆናል።

ነጻው በቂ ነው። ስትከፍሉ የሚጨመርላችሁ ያው የማይረባ ነጥብ በግራፍ ተስሎ ነው። የጻፋችሁትን ከሌላው ስልክ ላይ ማጥፊያ መንገድም የለውም፤ ብትለያዩም መልሶቻችሁ እዚያው ይቀራሉ። ይህን እስኪያስተካክሉ ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ።