የደሴው የክረምት ልምምድ፦ ማጥቃቱ ጥሩ፣ የፍሬሾቹ ደቂቃ ግን ትንሽ

ክረምት በገባ ቁጥር ደሴ ላይ «የቅድመ ውድድር ዝግጅት» የሚል ወረቀት በየሱቁ በር ይለጠፋል። እዚህ የምንመዝነው ከእነዚህ አንዱን ነው፦ ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 26 ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን 12ኛ ክፍል ከጨረሱ አዲሶች ጋር ቀላቅሎ የሚያሰለጥን የእግር ኳስ ፕሮግራም። በሳምንት አምስት ቀን ነው፤ ሦስቱ ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ። ስሙን አንጠራም፤ ጉድለቱ የብዙዎቹ ሆኖ ሳለ በአንዱ ላይ ማላከክ አግባብ አይደለም።

ማጥቃት መማር የሚፈልግ ገንዘቡ አይባክንበትም። አዲስ ገቢ የሆነ፣ ልጆቹ እንደሚሉት «ፍሬሽ» የሆነ ግን ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሁለት ከተማ ላይ መለማመዱ የመጓጓዣ ጣጣ ቢመስልም ጥቅም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስ ይንሳፈፋል፣ በጎን እግር የተመታ ኳስም እንደተፈለገው አይታጠፍም። ደሴ ላይ ሁለተኛው ቋሚ ጋ የሚያደርስ ልጅ ኮምቦልቻ ወርዶ በዚያው እግር፣ በዚያው ጉልበት ሲያሻግር ኳሱ ሳይደርስ ይወድቅበታል። ሁለቱን ሜዳ ያየ ልጅ ጉልበቱን መመጠን ይለምዳል። ከከሚሴና ከባቲ ለሚመጡት ግን የደሴው ዳገት የመጀመሪያውን ሳምንት ይከብዳል፤ ሩጫ ሲያደርጉ ትንፋሻቸው ቶሎ አይመለስም። እዚህ ላይ አሰልጣኞቹ ልክ ናቸው፦ ከታች የመጣውን ለይተው ለሮጠበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ዕረፍት ይሰጡታል፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየቀነሱ ከሌላው ጋር ያስተካክሉታል።

ኳሱ ራሱም ይለወጣል። ኮምቦልቻ ላይ በ9 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ኳስ ደሴ ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል ይጠነክራል፤ ብርዱ ጥቂት ባይመልሰው ከዚያም በላይ ይሆን ነበር። ደሴ ተነፍቶ የወረደው በተቃራኒው ይለሰልሳል። የጨዋታው ሕግ ከ8.5 እስከ 15.6 ፒኤስአይ ይፈቅዳል፤ እነሱ ለእርጥብ ሜዳ 9 አካባቢ ያደርጉታል፣ መለኪያ ያለው ፓምፕም ይዘው ይዞራሉ። ችግር የሚመጣው ፓምፑ ሲበላሽ ነው። ያኔ ኳሱ ጎሚስታ ጋ ይላካል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ሰኮንድ ሲበዛበት የኳሱን ስፌት ያላቅቀዋል። መርፌውም ደረቁን ከገባ የቫልቩን ጎማ ይቀደዋል፤ በምራቅ ወይም በአንድ ጠብታ ዘይት ማርጠብ ይበቃ ነበር። ለ26 ልጅ የቀረቡት 9 ኳሶች ነበሩ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ 6 ቀሩ። የጎደሉት ሦስቱ ያለቁት ተመትተው ሳይሆን በመርፌ ነው።

አካል ብቃቱ ላይ ብዙ የሚነቀፍ የለም። በመጀመሪያው ቀን የዮ-ዮ ፈተና ያደርጋሉ፤ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር መመለስ፣ 10 ሰኮንድ እያረፉ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ። ውጤቱ ተመዝግቦ በአራተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይደገማል። ማሟሟቂያው ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው 20 ደቂቃ የሚፈጀው ነው፤ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዞ፣ ተንበርክኮ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ ያለበት እንቅስቃሴም አለው። የታፋ ጀርባ ጡንቻን ከመቀደድ የሚያድነው ይኸው ነው። ልጆቹ ስለሚያማቸው ለመዝለል ይፈልጋሉ፤ ረዳት አሰልጣኙ ግን አይለቋቸውም፣ ጥሩ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ዋናው። አሰላለፉ 4-3-3 ነው፦ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ፤ እሱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ቁጥር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ማንም ይችላል። ዋጋ ያለው ስድስቱን ሳምንት ሙሉ በሁለት የማጥቃት ንድፍ ላይ ብቻ መቆየታቸው ነው። በየሳምንቱ አዲስ ንድፍ የሚያመጣ አሰልጣኝ አዋቂ ይመስላል፤ ልጁ ግን አንዱንም ሳይዝ ክረምቱ ያልቅበታል።

አንዱ «ሦስተኛ ሰው» የሚሉት ነው። የመሃል ተከላካዩ አማካዮቹን አሳልፎ ኳሱን በቀጥታ ለአጥቂው እግር ይሰጣል። አጥቂው ወደ ኋላ ወርዶ፣ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ይቀበላል። አይዞርም፣ አብዶም አይሞክርም፤ በአንድ ንክኪ ፊቱ ወደ ግብ ለሆነ አማካይ ይመልሳል። አማካዩ ደግሞ ከተከላካዮቹ ጀርባ ለሚሮጠው የመስመር አጥቂ ይለቅለታል። አጥቂው ሲወርድ የያዘው ተከላካይ ተከትሎት ስለሚወጣ ጀርባው ባዶ ይሆናል፤ ኳሱ የሚገባው እዚያ ነው።

ልምምዱ በግማሽ ሜዳ ይጀመራል። መጀመሪያ ያለ ተከላካይ 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ስድስት ለአራት፣ በመጨረሻ ስድስት ለስድስት። በመጨረሻው ላይ ተከላካዮቹ ኳስ ከነጠቁ መሃል መስመር ላይ በኮን የተሠራች ትንሽ ግብ አለቻቸው፤ በ5 ሰኮንድ ካገቡ ይቆጠርላቸዋል። ይህች ደንብ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ኳስ ሲያጡ ወገብ ይዞ መቆምን ያስጣለችው እሷ ናት።

ንድፉ ሲበላሽ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በአጥቂው ነው። ቀድሞ ወርዶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆሞ የሚጠብቅን አጥቂ ተከላካይ ከኋላው ደርሶ ይነጥቀዋል። መውረድ ያለበት የመሃል ተከላካዩ ቀና ብሎ ሲያየው ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። የመስመር አጥቂው ደግሞ ኳሱ አጥቂው እግር ሲደርስ መሮጥ ይጀምርና ከጨዋታ ውጪ ይያዛል፤ አማካዩ ኳሱን እስኪለቅ ከመጨረሻው ተከላካይ ጎን ለጎን መቆየት አለበት። ለዚህ ያመጡት መፍትሔ ያስቃል ግን ይሠራል፦ መጀመሪያ ወደ ውጭ ወደ መስመሩ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ጎብጦ መሮጥ። ዝናብ የጣለ ቀን የሚመለሰው ኳስ ውሃ ላይ ይቆማል። አሰልጣኙ «ጠንክራችሁ አቀብሉ» ከማለት አልፈው ልምምዱን ውሃ ወዳልያዘው የሜዳው ጎን ቢያዞሩት ጥሩ ነበር፤ ጭቃ ላይ የተደጋገመ ስህተት ደረቅ ሜዳም ላይ ይከተላል።

ሁለተኛው ንድፍ ከግቡ መስመር ወደ ኋላ የሚመለሰው ኳስ ነው። የመስመር ተጫዋቹ እስከ ግቡ መስመር ይገባና ከፍ አድርጎ ከማሻገር ይልቅ መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ይመልሳል። ሦስት ሰው ይገባል፦ አንዱ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ አንዱ ወደ ሩቁ፣ ሦስተኛው ዘግይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ አካባቢ። ግብ የሚያገባው አብዛኛውን ጊዜ የዘገየው ነው፤ ተከላካዮቹ ፊታቸውን ወደ ግባቸው አዙረው ስለሚሮጡ ከኋላ የሚመጣውን አያዩትም። ከኳሱ ኋላ ያለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ስለማይሆን ረዳት ዳኛውም አያሰጋም። ከዳር ሆኖ «ጠልዘው!» የሚለው ተመልካች ግን አይቀርም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ልጆች እሱን ሰምተው ነበር የሚያሻግሩት፣ በአምስተኛው አልሰሙትም። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

እንግዲህ ጉድለቱ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት የወዳጅነት ጨዋታ አለ። አንድ ቡድን በ90 ደቂቃ 11 ሰው ያሰልፋል፤ በጨዋታ 990፣ በሦስቱ 2,970 የተጫዋች ደቂቃ ማለት ነው። ለ26 ልጅ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 114 ደቂቃ ይደርሰዋል። እኩል ይሁን አይባልም። ነገር ግን ከ9ኙ ፍሬሾች አምስቱ በሦስቱም ጨዋታ ተደምሮ 40 ደቂቃ አልሞሉም፤ የሚገቡትም 75ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ዋንጫ የለውም። ተመልካች ግን አለው፣ ሽንፈት ደግሞ የከርሞውን ምዝገባ ያስፈራል፤ ስለዚህ ነባሮቹ አይወጡም።

ደቂቃው ማነሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ75ኛው ደቂቃ የሚገባ ልጅ የሚጫወተው ሌላ ጨዋታ ነው። እግር ዝሏል፣ አሰላለፉ ተበታትኗል፣ ሁሉም ረጅም ኳስ ይመታል፣ ከመስመሩ ዳር የሚሰማው ትእዛዝም «ውጤቱን አስጠብቁ» ነው። አምስት ሳምንት የተማረው ሦስተኛ ሰው በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ላይመጣ ይችላል። ከዚያ «ፍሬሾቹ ንድፉን አልያዙም» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ይባስ ብሎ አጥቂ ሆኖ የተመዘገበ ልጅ ቦታ ስለጎደለ የመስመር ተከላካይ ሆኖ ይገባል፤ በማያውቀው ቦታ ይመዘናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በወዳጅነት ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ከተስማሙና ለዳኛው ከጨዋታው በፊት ከተነገረ የተቀያሪ ቁጥር መጨመር ይቻላል። 90ውን ደቂቃ በሦስት 30 መክፈል ነው፤ 33 ቦታ ይገኛል። 26ቱም አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ፣ ሰባቱ ይደግማሉ። ፍሬሾቹ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው 30 ከነባሮቹ ጋር ተቀላቅለው ይግቡ እንጂ ለብቻቸው አንድ ላይ አይሰለፉ፤ ዘጠኝ አዲስ አንድ ላይ ሲገባ ማንም ማንንም አያይም።

ስለ ጾም ደግሞ ሳይነሳ አይታለፍም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የፕሮግራሙ ከባድ ሳምንታት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው፤ ይገጣጠማሉ። ልምምዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ከሮጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ባዶ ሆዱን ይቆያል፤ በማግስቱ እግሩ እንደ ግንድ ይከብደዋል። ወደ ከሰዓት ማዛወር ደግሞ ደሴ ላይ ዝናቡን መጋበዝ ነው። አሰልጣኞቹ ምንም አልለወጡም። ቢያንስ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ጠዋቱን ለንድፍ ልምምድ አድርገው ከባዱን ሩጫ ወደ አንደኛና ወደ ሁለተኛው ሳምንት ቢከፋፍሉት ይቻል ነበር። ለልጆቹ፦ ጾሙ ሲፈታ መጀመሪያ በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ከዚያ ምስር ወይም ሽሮ በደንብ መብላት።

ታኬታ የሚገዛ ሰው ለደሴው ጭቃ ጥርሱ የሚፈታ፣ ስድስት ረጅም ጥርስ ያለውን ይያዝ። አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ኮምቦልቻ ላይ ይሠራል፣ ደሴ ላይ ግን ጭቃው መሃል ለመሃል ይሞላውና ነጠላ ጫማ ይሆናል። የራሰ ታኬታ ከሰል አጠገብ አይደርቅም፤ ማስቲሹ ይለቅና አፉን ይከፍታል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው። በረኞች የራሳቸው አሰልጣኝ የላቸውም፤ በረኛ የሆነ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ፍሬሽ የሆነ ከመክፈሉ በፊት ያለፈውን ዓመት የወዳጅነት ጨዋታዎች የደቂቃ መዝገብ አሳዩኝ ይበል፤ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ በየትኛው ቦታ። መዝገቡ ከሌለ የኮምቦልቻውን ሁለት ቀን ብቻ ነጥሎ መመዝገብ ይቻላል። እዚያ የሚጫወቱት ሰባት ለሰባት በሁለት ሜዳ ስለሆነ ማንም ረጅም ጊዜ አይቀመጥም፣ ንድፎቹም ያው ናቸው። ሚኒባሱ ከደሴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ሐረጎ ላይ ጉም ካለ ይዘገያል፤ ለብቻው ወርዶ ያረፈደ ግን ማሟሟቂያው ካለፈው የዚያን ቀን አይሰለፍም።