በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት፦ ሎዋር፣ ሚዲ ወይስ ቡርጎኝ?

በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት መዞር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። የድሮ ግንብ፣ የወይን እርሻ፣ ዛፍ ያጠለለው ቦይ። በፎቶ ሁሉም ያምራል። ስለዚህ በፎቶ መምረጥ አያዋጣም። እኔ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ያው ነው፤ መጀመሪያ ከጎማችሁ ሥር ያለውን እዩ። አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? ሜዳ ነው ወይስ አቀበት? ሲደክማችሁ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው? ይህን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሹ አለቀ።

ሦስት መስመሮችን ጎን ለጎን እናያለን፤ የሎዋር ወንዝን፣ የሚዲ ቦይንና የቡርጎኝ ክልልን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር ያየ ሰው በቀን 150 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሊያምረው ይችላል። ይቅርባችሁ። ሻንጣ ለጫነ ሰው በቀን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ መንደሮቹን ሳታዩ ታልፏቸዋላችሁ።

ሎዋር፦ ለጀማሪና ለቤተሰብ

ሻንጣ ጭናችሁ ረጅም መንገድ ሄዳችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም ልጆች ካሏችሁ፣ ብዙ አትጨነቁ። ሎዋር ነው።

"ላ ሎዋር አ ቬሎ" የሚባለው መስመር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኔቬር ከተማ አጠገብ ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ ይዘልቃል። ሙሉውን መሄድ ግድ አይደለም። ለአንድ ሳምንት በብሉዋና በአንዤ መካከል ያለው ይበቃል። አምቧዝ፣ ቱርና ሶሙር እዚያው መስመር ላይ ናቸው። የሻምቦር ቤተ መንግሥትም ከብሉዋ ሩቅ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 ያረፈበት ቤት አምቧዝ ውስጥ ነው።

መንገዱ ሜዳ ነው። ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ከፊሉ ደግሞ መኪና የማይበዛበት የገጠር መንገድ ነው። ምልክቱ በየመታጠፊያው ስላለ መጥፋት ይከብዳል። "አክዬ ቬሎ" የሚል ምልክት ያለበት ማደሪያ ከመስመሩ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃም አለው። የባቡር ሐዲዱ ከወንዙ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ልጅ ቢደክም ወይም ዝናብ ቢወርድ ችግር የለም። ብስክሌት በአንድ ከተማ ተከራይቶ በሌላው መመለስም ይቻላል።

ጉድለቱ የሰው ብዛት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በግንቦቹ አካባቢ ማደሪያ ይወደዳል። ጸጥ ያለ ገጠር ፍለጋ የሄደ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ስለ ነፋሱም ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕር መውረድ ይወዳል። ነፋሱ ግን በአብዛኛው ከባሕሩ፣ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ወንዙ አይገፋችሁም፤ ነፋሱ ግን ይገፋችኋል። ስለዚህ ከአንዤ ተነስታችሁ ወደ ብሉዋ ብትመጡ ይሻላል።

ሚዲ፦ ሰፊ ጎማ ላለው ብቻ

የሚዲ ቦይ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ዳር ያለ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ፒዬር ፖል ሪኬ የተባለ ሰው በ1666 ያስጀመረው ሥራ ነው። ቦዩ የተከፈተው በ1681 ሲሆን ሪኬ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ ስለሞተ ምረቃውን አላየም። ቤዚዬ አጠገብ እንደ ደረጃ የተደረደሩት የውሃ በሮች ጀልባን ከ20 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ቆሞ ማየት ያስደስታል።

መንገዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከቱሉዝ ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ለስላሳ አስፋልት ነው። በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ ቀሪውን አትገምቱ። ከዚያ በኋላ የታደሰም ያልታደሰም ቦታ ታገኛላችሁ። ያልታደሰው ጠባብ የአፈር መንገድ ነው። የዛፎቹ ሥር መንገዱን አቋርጦ ወጥቷል። ሲነጥር ውሎ እጅ ይደነዝዛል። ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ ነው። ጥላውም በየቦታው የለም፤ በ2006 የተገኘ የዛፍ በሽታ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ዛፎችን አስቆርጧል። በምትካቸው የተተከሉት ገና ልጆች ናቸው። የደቡብ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

በቦይ ዳር መሄድ አምሯችሁ ብስክሌታችሁ ጎማው ቀጭን ከሆነ፣ ከቱሉዝ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ዙሩ። የጋሮን ቦይ እዚያው ይጀምራል። 193 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዳርቻው መንገድ ከሞላ ጎደል አስፋልት ነው። ስሙ እንደ ሚዲ አልገነነም እንጂ ለብስክሌት የተሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ቡርጎኝ፦ የኔ ምርጫ

እውነተኛ ገጠር ከፈለጋችሁ ቡርጎኝ ሂዱ። በፈረንሳይ መኪና የማይገባበት "ቮዋ ቬርት" የሚባል መንገድ መጀመሪያ የተከፈተው እዚህ ነው፤ በ1997፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ፣ 44 ኪሎ ሜትር። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ አቀበት አይወጣም። ስለዚህ በኮረብታ አገር ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁ ኮረብታውን አያውቀውም። ግራና ቀኝ ነጫጭ የሻሮሌ ከብቶች በግጦሽ ላይ ናቸው። የድሮ ጣቢያ ቤቶችም እዚህም እዚያም ቆመዋል።

ክሉኒ ከመድረሳችሁ በፊት ቴዜ አለች። ከየአገሩ ወጣቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡባት መንደር ናት፤ ቆም ብትሉ አትቆጩም። ክሉኒ ውስጥ በ910 የተመሠረተው ገዳም አለ። ከታላቁ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትቀጥሉ ደግሞ የቡዋ ክሌር ዋሻ ይመጣል። 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ውጭው በሐምሌ ሲያቃጥል ውስጡ ያንቀጠቅጣል። ጃኬትና መብራት ከሻንጣው ላይኛው ክፍል አድርጉ። ክረምታቸው ሲገባ ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ ኮረብታውን በላዩ መውጣት ነው።

ከሐዲዱ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ወይን እርሻዎቹ ከገባችሁ ግን አቀበቱ ይጀምራል። ከቦን እስከ ሳንትኔ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያምራል፤ ከፍና ዝቅ ይላል። ባቡሩም እንደ ሎዋር በየቦታው የለም። ክሉኒ ጣቢያ የላትም። ሻሎን ወይም ማኮን መድረስ አለባችሁ። ሰኞ ቀን በብዙ መንደር ዳቦ ቤቱም ምግብ ቤቱም ዝግ ነው፤ እሑድ ጠዋት ስንቅ ያዙ።

ኪራይ፣ ባቡርና ሆድ

ብስክሌት ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ከማምጣት እዚያው መከራየት ይሻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነማ አማራጭም የለም፤ አየር መንገዶች የዚህን ብስክሌት ባትሪ በመንገደኛ በረራ አይቀበሉም። ኪራዩ ከተራው ብዙውን ጊዜ እጥፍ ነው። ለሎዋርና ለጋሮን ተራው ይበቃል። ለቡርጎኝ ወይን ኮረብታዎች ግን ገንዘቡ አይቆጭም። ክብደቱን ግን አስቡ፤ በጣቢያ ደረጃ ላይ መሸከም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለሚዲ ስትከራዩ ሰፊ ጎማ ያለውን ጠይቁ።

"ቴ ኤ ኤር" የሚባሉት የክልል ባቡሮች በአብዛኛው ብስክሌትን በነፃ ይወስዳሉ። በፈጣኑ ባቡር ግን ቦታ አስቀድሞ መያዝና መክፈል ያስፈልጋል፤ ሁሉም ባቡርም አይቀበልም። አስጎብኚ አብሮ የሚሄድበትን ጥቅል ጉዞ እኔ አልመክርም። ሻንጣ ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ለሚያደርስ አገልግሎት መክፈል ግን ተገቢ ነው፤ በተለይ ከልጆች ጋር።

ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ካመለጣችሁ እስከ ማታ የለም። ፍልሰታ ከነሐሴ 7 እስከ 21 ስለሚውል ዋናው የጉዞ ወቅት ላይ ይወድቃል። ለጾመኛ ክሩዋሳን አይሆንም፤ ቅቤ ነው። "ባጌት ደ ትራዲሲዮን" የሚባለው ረጅም ዳቦ ግን በ1993 በወጣ ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚሠራ ነው። ከቲማቲምና ከፍራፍሬ ጋር ቀኑን ያስውላል።

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። የማደሪያ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ያዙ። ከቻላችሁ ለግንቦት፣ ለሰኔ ወይም ለመስከረም አድርጉት።